የሜይቴይን አፈ ታሪክ ለልጆች ሲተርኩ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ፣ ከምያንማር ጋር በምትዋሰነው በማኒፑር ግዛት፣ በኢምፓል ሸለቆ የሚኖሩት ሜይቴዮች ለልጆች የሚነገረውን ተረት ‹ፑንጋ ዋሪ› ይሉታል። ፑንጋ ምድጃ ነው፤ ዋሪ ደግሞ ተረት ወይም ወግ ነው፤ ከእኛ ‹ወሬ› ጋር መመሳሰሉ ግን አጋጣሚ ብቻ ነው። አመሻሽ ላይ ምድጃ ዳር የሚነገር ነውና፣ አማርኛ ተራኪ ይህን ሲሰማ ‹ተረት ተረት› ብሎ ‹የላም በረት› የሚል መልስ ቢጠብቅ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ሌሎቹን ስህተቶች ሁሉ የሚወልደው የመጀመሪያው ስህተት የሚፈጸመው እዚሁ ላይ ነው፤ ሜይቴዮች የሚተርኩት ሁሉ ፑንጋ ዋሪ አይደለምና።

የሳንድሬምቢና የእንጀራ እናቷ ልጅ የቻይስራ ታሪክ፣ ወይም ግማሽ ሰው ግማሽ አውሬ የሆነው የኬይቡ ኬዮይባ ታሪክ የምድጃ ዳር ተረቶች ናቸው። የሳናማሂና የፓካንግባ ነገር ግን ዛሬም ድረስ የሚመለኩ አማልክት ታሪክ ነው፤ የአማልክቱም ታሪክ ላይ ሃራኦባ በሚባለው በዓል፣ ማይቢ በሚባሉት ሴት ካህናት ዝማሬና ውዝዋዜ ይታሰባል። የካምባና የቶይቢ ፍቅር ደግሞ ከሁለቱም ይለያል፤ በሎክታክ ሐይቅ ዳር ያለችው የሞይራንግ ምድር ታሪክ ሲሆን፣ ፔና በሚባል፣ እንደ መሰንቆ ባለ አንድ ክርና በደጋን በሚመታ መሣሪያ እየታጀበ የሚዜም ረጅም ትርክት ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ከረጢት ከትቶ ‹ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ› ብሎ መጨረስ፣ የሰውን እምነት ከጦጣና ከቀበሮ ጨዋታ ጋር እንደ መደባለቅ ይቆጠራል። የአማልክቱን ታሪክ የሚተርክ ሰው ‹ሜይቴዮች እንዲህ ብለው ያምናሉ› በሚል ዓረፍተ ነገር ቢጀምር ይበቃዋል፤ ልጆች የማመንና የመተረት ልዩነት ከምናስበው በላይ ይገባቸዋል።

ሁለተኛው ስህተት የሁለቱን ወንድማማቾች ውድድር የብልጥና የሞኝ ጨዋታ ማድረግ ነው። አባት አምላክ ዙፋኑን ለማን እንደሚያወርስ ለመወሰን ልጆቹን ዓለምን ዞረው እንዲመጡ ያዛቸዋል። ታላቁ ሳናማሂ ወዲያው ይነሣና ይገሠግሣል። ታናሹ ፓካንግባ ግን እናቱ ሌይማሬል በመከረችው መሠረት የአባቱን ዙፋን ይዞራል፤ ለእርሱ ዓለም ማለት አባቱ ነውና ዙፋኑ ይሰጠዋል። ስሙም ‹አባቱን ያወቀ› ተብሎ ይፈታል። ታሪኩን የሚያሳጥር ተራኪ እዚህ ላይ ማቆም ይቀናዋል፤ ማስተዋል ጉልበትን አሸነፈ ብሎ ልጆቹን ለማስተኛት አመቺ ነው። ነገር ግን የታሪኩ ክብደት ያለው ከዚህ በኋላ ነው። ሳናማሂ የታዘዘውን በሙሉ ፈጽሞ፣ ደክሞ ሲመለስ ወንድሙን በዙፋኑ ላይ ያገኘዋል፤ እጅግም ይቆጣል። ይህ ቁጣ የሚበርደው በዕርቅ ነው፤ ፓካንግባ በዙፋኑ ሲጸና፣ ሳናማሂ ደግሞ በእያንዳንዱ ቤት ይነግሣል። የሜይቴይን እምነት የሚከተል ቤተሰብ ዛሬም በቤቱ ደቡብ ምዕራባዊ ማዕዘን ለሳናማሂ የተለየ ቦታ ያለው ስለዚህ ነው። ቁጣውንና ዕርቁን ቆርጦ የጣለ ተራኪ ያ የቤት ማዕዘን ለምን እንደተከበረ የሚናገረውን ክፍል ጥሏል። አድማጭ ልጅ ‹ታዲያ ሳናማሂ ምን አጠፋ?› ብሎ መጠየቁ አይቀርም፤ ለዚህ ጥያቄ ቸኩሎ መልስ መስጠት አያስፈልግም፤ ሜይቴዮቹም ሁለቱንም አከበሩ እንጂ አንዱን ጥፋተኛ አላደረጉም።

ይህ ውድድር የሂንዱ አምላክ ጋኔሽ ወላጆቹን ዞሮ ወንድሙን ካሸነፈበት ታሪክ ጋር ይመሳሰላል፤ ይህም ሌላ ወጥመድ ይፈጥራል። ማኒፑር በሕንድ ውስጥ ስለምትገኝ ብቻ አማልክቷን ሁሉ ‹የሂንዱ አማልክት› ብሎ ማቅረብ ትክክል አይደለም። ፓምሄይባ፣ በሌላ ስሙ ጋሪብ ኒዋዝ የተባለው ንጉሥ በ18ኛው መቶ ዘመን የቪሽኑን አምልኮ የመንግሥት ሃይማኖት አድርጎ፣ ፑያ የሚባሉትን ጥንታዊ ጽሑፎች አስቃጥሏል። የቀድሞው እምነት ግን አልጠፋም፤ ከሂንዱው ጎን ለጎን ኖሯል። ለስምንት ዓመት ልጅ ይህን ሁሉ ማስረዳት አያስፈልግም፤ ተራኪው ግን ለራሱ ሊያውቀው ይገባል። ካላወቀ ሠዓሊው ለሌይማሬል ሳሪ ሲያለብሳት ዝም ብሎ ያልፋል። የሜይቴይ ሴቶች የሚለብሱት ፓኔክ የሚባለውን፣ በወገብ ዙሪያ የሚጠቀለል ሽርጥና ኢናፊ የሚባለውን ነጠላ መሰል ስስ ልብስ ነው።

ሦስተኛው ስህተት የአማርኛችን ነው። ፓካንግባ የሚሣለው ራሱን ጠምጥሞ፣ ጅራቱን በአፉ ይዞ እንደ እባብ ነው። ይህን ሲያይ ተርጓሚው ‹ዘንዶ› ብሎ ይጽፋል። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር የተወጋውን ዘንዶ እያየ ላደገ ልጅ ግን ዘንዶ መሞት ያለበት ክፉ ነው፤ የአርዌን ታሪክ የሰማውም እንዲሁ። ስለዚህ ልጁ ገና በመጀመሪያው ገጽ ጀግና ይመጣና ይገድለዋል ብሎ ይጠብቃል፤ ያ ጀግና ግን አይመጣም፤ የሚጠበቀው ጠላት አምላኩ ራሱ ነውና። የሚሻለው ‹ዘንዶ› የሚለውን ቃል ሙሉ በሙሉ ትቶ፣ በስሙ ፓካንግባ እያሉ መጥራትና በእባብ አምሳል የሚገለጥ ጠባቂ አምላክ መሆኑን መጀመሪያ ላይ መናገር ነው። ከዚሁ ጋር፣ አምላኩን ፓካንግባን በባህላዊው ዜና መዋዕል መሠረት በ33 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከነገሠው ከመጀመሪያው ንጉሥ ከኖንግዳ ላይሬን ፓካንግባ ጋር ማምታታት ተራኪዎችን በቀላሉ የሚያስት ነገር ነው።

ተመሳሳይ ችግር በኬይቡ ኬዮይባ ላይ ይደርሳል፤ እንዲያውም ይብሳል። በሜይቴይ ቋንቋ ‹ኬይ› የሚሉትን አውሬ በአማርኛ ‹ነብር› ማለት የለመደ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ነብር ዥንጉርጉር ነው፤ የእነርሱ ግን መስመር ያለው፣ ልጆች ከፊልም የሚያውቁት ታይገር ነው። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ነጠብጣብ ያለው ነብር ከተሣለ ታሪኩ ወደማይመለከተው አገር ተሻግሯል ማለት ነው። የታሪኩን ፍሬ ነገር ስንመለከት፣ ኬዮይባ ከመነሻው ሰው ነበር፤ መልኩን የመለወጥ ጥበብ ያለው፣ ኋላም ሙሉ በሙሉ ወደ ሰውነት መመለስ ያቃተው። ሰባት ወንድሞቿ ትተዋት የሄዱትን ታባቶንን፣ ራሷን ለማዳን የፈለገች አሮጊት አሳልፋ ትሰጠዋለች፤ እርሱም ወደ ጫካ ይወስዳታል፤ በመጨረሻ ወንድሞቿ ያድኗታል። ይህን ለአማርኛ አንባቢ ለማቅረብ ሲባል ‹ቡዳ› ወይም ‹ወደ ጅብነት የሚለወጥ ሰው› ማለት እጅግ ያጓጓል፤ ተመሳሳይነቱ ዓይን ይስባልና። እኔ ግን ፈጽሞ መወገድ ያለበት ነው እላለሁ። ይህ ቃል በአገራችን ሸክላ ሠሪውንና ቀጥቃጩን፣ ቤተ እስራኤልንም ሲያስገልል የኖረ ክስ ነው፤ የክፍል ጓደኛው ቤተሰብ ሸክላ የሚሠራ ልጅ ይህን ታሪክ ከዚህ ቃል ጋር እንዲሰማ ማድረግ ተገቢ አይደለም። በማኒፑርም በኩል ጥንቃቄ ያሻዋል፤ ይህ ፍጡር ‹ካቡይ ኬዮይባ› ተብሎም ይጠራል፤ ካቡይ ደግሞ በተራሮቹ ላይ የሚኖር አንድ የናጋ ሕዝብ የሚጠራበት ስም ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በግንቦት 2023 በሜይቴዮችና በተራራማው አካባቢ በሚኖሩት ኩኪ-ዞ ሕዝቦች መካከል ደም የፈሰሰበት ግጭት ከተቀሰቀሰ ወዲህ፣ የአውሬውን ስም ከተራራ ሰዎች ስም ጋር ማያያዝ ተራ የስም ምርጫ ሆኖ አይታይም። ‹ኬይቡ› የሚለው ስም እያለ ሌላውን መምረጥ ምንም አይጨምርም።

ስለ ስሞች አጠራር ነገሩ አጭር ነው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን እንደ እንግሊዝኛ እያነበቡ ‹ሶይቢ› ወይም ‹ፋኔክ› ማለት ስህተት ነው፤ በሜይቴይ ቋንቋ እነዚህ ድምፆች ትንፋሽ የተጨመረባቸው ‹ት› እና ‹ፕ› ናቸውና ቶይቢ፣ ፓኔክ፣ ኢምፓል ተብለው ቢጻፉ ይቀርባሉ። ስሙ ከረዘመ ደግሞ ማሳጠር እንጂ መለወጥ አይገባም፤ ታባቶንን ‹ትብለጥ› ማለት ልጁን ከማኒፑር ወደ ሰፈሩ መመለስ ነው።

የመጨረሻው ስህተት በመጨረሻው ላይ የሚፈጸም ነው። ካምባ በታላቅ እኅቱ በካምኑ ያደገ ደሃ የሙት ልጅ ነው፤ ቶይቢ የሞይራንግ ንጉሥ ወንድም ልጅ ናት። ካምባ አስፈሪውን ኮርማ ይይዛል፤ ተቀናቃኙ ኖንግባን በታይገር ሲገደል እርሱ ታይገሩን ይገድላል፤ ከዚያም ይጋባሉ። ሠርጉ ግን መጨረሻው አይደለም። ካምባ የሚስቱን ታማኝነት ለመፈተን ድምፁን ለውጦ በሌሊት ከቤቷ ደጅ ይመጣል፤ እርሷም ሌላ ሰው መስሏት በጦር ትወጋዋለች፤ ባሏ መሆኑን ስታውቅም በዚያው መሣሪያ ራሷን ታጠፋለች። ይህን ክፍል ለትንንሽ ልጆች አለመንገር ተገቢ ነው። ስህተት የሚሆነው ‹ከዚያም በሰላም ኖሩ› ብሎ መፈጸም ነው፤ የሌለ መጨረሻ መፍጠር ነውና፣ ልጁ አድጎ እውነተኛውን ሲያነብ ተራኪው እንዳታለለው ያውቃል። ሌላው ጽንፍ ደግሞ አለ፤ አሳዛኙን መጨረሻ ጠብቆ የካምባን ፈተና የፍቅር ጨዋታ አድርጎ ማቅረብ። ባል ሚስቱን በጨለማ ተደብቆ መፈተኑ እንደ ተገቢ ነገር ከተነገረ፣ ለዐሥራ ሦስትና ለዐሥራ አራት ዓመት ልጆች ከሞቱ ይልቅ የሚጎዳው ይህ ነው። ለትንንሾቹ በኮርማው ወይም በሠርጉ ላይ አቁሞ ‹ታሪካቸው ከዚህ በኋላም ይቀጥላል፤ የቀረውን ስታድጉ እነግራችኋለሁ› ማለት ይቻላል። የፔና ተጫዋቾችም ሙሉውን ታሪክ በአንድ ምሽት አይጨርሱትም።