«ግጥሙ አይሰማም»፦ በፈረንሳይኛ ፖፕ ሮክ የሴት ድምጽ ስትቀርጹና ሚክስ ስታደርጉ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄያቸው

መጀመሪያ በፈረንሳይኛ የተዘፈነ ሮክ ሚክስ ሳደርግ የዘፋኟ ድምጽ በአፍንጫ የሚወጣ መሰለኝ። በኢኪው (የድምጹን ቀጭንና ወፍራም ክፍሎች ለየብቻ ከፍ ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) 1 ኪሎኸርዝ አካባቢ 5 ዴሲቤል ያህል ቆረጥኩ። ጠራልኝ። ደስ አለኝ። ልጅቷ መጥታ ሰማችው፣ ሄድፎኑን አወለቀችና «ይሄ በምን ቋንቋ ነው?» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ።

አልቀለደችም። በፈረንሳይኛ «ቦ» ማለት ውብ ነው። «ቦን» ማለት ደግሞ ጥሩ። መጨረሻ ላይ ያለው «ን» እንደኛ አይነበብም፤ ምላስ የትም አይነካም። አየሩ በአፍም በአፍንጫም አብሮ ይወጣል፣ በቃ። ሁለቱን ቃላት በዋናነት የሚለያቸው ያ የአፍንጫ ድምጽ ነው። እኔ ደግሞ እሱን ቆርጬ ጣልኩት። «ጠ»ን እና «ተ»ን አንድ የሚያደርግ ሚክስ ቢሰጧችሁ ምን ትላላችሁ? እሷም ያንን ነው ያለችኝ።

ከዚያ ወዲህ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ሚክሱ አለቀ ከማለቴ በፊት ፈረንሳይኛ የሚችል፣ ግጥሙን ግን ያላየ ሰው እፈልግና አንድ ቨርስ እያዳመጠ እንዲጽፍልኝ አደርጋለሁ። በትምህርት ቤታቸው «ዲክቴ» ይሉታል፤ እኛም ዲክቴሽን እያልን የተሰቃየንበት ነው። ሰውየው የሳተው ቃል ላይ ችግር አለ ማለት ነው። ከታች ያሉት አብዛኞቹ ችግሮች የተገኙት በዚህ መንገድ ነው።

ከፍ ሳደርጋት ትጮኻለች፣ ዝቅ ሳደርጋት ትጠፋለች

ይሄ የሁሉም አባት ነው። ስለዚህ ረዘም አድርገን እንየው።

መጀመሪያ ጊታሮቹን በሙሉ ዝም አሰኟቸው። ድምጿ በድራምና በቤዝ ብቻ ሲሄድ ግጥሙ ጥርት ብሎ ከተሰማ፣ ድምጿ ላይ የተንጠለጠሉትን ፕላግኢኖች (የድምጽ ማስተካከያ ሶፍትዌሮች) መነካካት አቁሙ። በሽተኛዋ እሷ አይደለችም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ቃልን ከቃል የምንለይበት መረጃ፣ በተለይ የተነባቢዎቹ፣ ብዙው ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ቦታ ተከማችቷል። ዲስቶርሽን (የሮክ ጊታርን የሚያሻክረው) የበዛበት ጊታርም የሚሰፍረው እዚያው ነው። የሴት ድምጽ ሲሆን ደግሞ ግፊያው ይብሳል፤ አዝማቹ ላይ ከፍ ስትል ከጊታሩ ጋር ትከሻ ለትከሻ ትገፋፋለች። እሷን ከፍ ስታደርጉ 3 ኪሎኸርዝም አብሮ ከፍ ይላል። ጆሮ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚቆጣው ለዚያ አካባቢ ነው። ጩኸት የሚመስላችሁ ለዚህ ነው።

መፍትሄው ከጊታሩ ይጀምራል። ገና ቀረጻ ላይ ከሆናችሁ ጊታሪስቱ ዲስቶርሽኑን በሲሶ ይቀንስ። ይቃወማል፣ እወቁት። ግን ሁለት ወይም አራት ጊዜ ተደራርቦ ሲቀረጽ ውፍረቱ ራሱ ይመጣል። ቀረጻው ካለቀ ደግሞ ጊታሮቹን ግራና ቀኝ በሰፊው ክፈቷቸው፣ ከዚያ ጊታሮቹ በሙሉ በሚሰበሰቡበት ትራክ ላይ ዳይናሚክ ኢኪው (ሲያስፈልግ ብቻ የሚቆርጥ ኢኪው) አድርጉና በእሷ ድምጽ እንዲነዳ አስሩት። እሷ ስትዘፍን ብቻ 3 ኪሎኸርዝ አካባቢ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይውረድ። ዝም ስትል ጊታሩ ወደ ቦታው ይመለስ። አድማጭ አይነቃም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ልማድ አለ። ብዙዎቻችን ጆሯችን የሰለጠነው በእንግሊዝኛ ሮክ ነው። እዚያ ድምጽ ባንዱ መሃል ተቀምጦ፣ ግማሹ ቃል ባይሰማም ማንም ቅር አይለውም። ፈረንሳዮች ግን ከሻንሶን (ግጥም ከሚቀድምበት የቆየ ዘፈናቸው) የመጣ ልማድ አላቸው፤ ዘፈኑን የሚሰሙት ለግጥሙ ነው። ከ1960ዎቹ ፍራንስዋዝ አርዲ እስከ ዛሬዋ ክላራ ሉሲያኒ ስሙ፤ ድምጹ ከባንዱ ፊት ቆሟል። የሌ ሪታ ሚትሱኮ ባንድ ዘፋኟ ካትሪን ሪንጄር እንኳ፣ ያን ሁሉ ስትጮህና ስትጫወት፣ ቃሉን አትበላም። ሬዲዮውም ይሄንኑ ያስተምራል። በ1994 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ሕግ ከ1996 ጀምሮ ጣቢያዎች ከሚያጫውቷቸው ዘፈኖች 40 በመቶው በፈረንሳይኛ እንዲሆን አስገድዷል። በኋላ ለአንዳንድ ጣቢያዎች ቁጥሩ ተሻሽሏል። ዞሮ ዞሮ የእናንተ ዘፈን የሚሰለፈው ቃሉ ከሚሰማ ዘፈን ጎን ነው። ስለዚህ «ድምጿ ትንሽ በዛ» ከምትሉበት ቦታ 1 ዴሲቤል ጨምሩ። ከዚያ በስልክ ስፒከር ሞክሩት።

አንዱ ቃል ይወጣል፣ ቀጣዩ ይሰምጣል

ኮምፕሬሰሩን (ድምጽ ሲበዛ ተጭኖ የሚያወርደውን መሣሪያ) አጥብቃችኋል፤ መርፌው ይሮጣል። ሆኖም «አ» ያለበት ቃል ይዘላል፣ «ቱ» የሚለው ደግሞ ይጠፋል።

«ቱ» ብዬ ጻፍኩት እንጂ የእኛ «ቱ» አይደለም። ከንፈር «ኡ» ሊል ሞጥሙጦ ምላስ ግን «ኢ» የምትልበት አናባቢ ነው። አፍ በጣም ይጠባል። አፍ ከጠበበ ደግሞ፣ ጉሮሮ ያው ጉልበት ቢያወጣም፣ ከ«አ» በጥቂት ዴሲቤሎች ያነሰ ድምጽ ነው የሚወጣው። ፈረንሳይኛ በዚህ ጠባብ አናባቢ የተሞላ ነው። አንተ የሚለው ቃል ራሱ እሱ ነው፤ የፍቅር ዘፈን ላይ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ አስቡት።

ኮምፕሬሰር ይህን አይፈታም። «አ» ላይ አፍኖ ሳይለቅ «ቱ» ይደርስና እሱንም አብሮ ያንቀዋል። እጃችሁን ተጠቀሙ። ከኮምፕሬሰሩ በፊት፣ ትራኩ ላይ፣ የሰመጡትን ቃላት አንድ በአንድ ከ1 እስከ 3 ዴሲቤል ከፍ አድርጉ። አሰልቺ ነው። ለአንድ ዘፈን አንድ ሰዓት ይፈጃል። እኔ ቡና አስቀምጬ ነው የምሠራው። ከዚያ በኋላ ሁለት ኮምፕሬሰር በተከታታይ፦ ፈጣኑ ጫፉን ብቻ 3 ዴሲቤል ያህል ይንካ፣ ቀርፋፋው ሌላ 3 ያስተካክል። 1176 የሚባለውን ኮምፕሬሰር ወይም የእሱን ኮፒ የምትጠቀሙ ከሆነ አንድ ነገር አስታውሱ፤ የአታክ (በምን ፍጥነት መጫን እንደሚጀምር የሚወስነው) ቁልፉ ወደ ቀኝ ሲዞር ይፈጥናል እንጂ አይዘገይም። በዚህ የተሸወደው ሰው ብዙ ነው።

አዝማቹ ላይ ብቻ ቃሉ የማይለይ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው። ሴት ዘፋኝ በጣም ከፍ ስትል ጠባቦቹ አናባቢዎች እርስ በርስ መመሳሰል ይጀምራሉ። የኖታው ድግግሞሽ አናባቢውን ከሚለየው ድግግሞሽ በላይ ስለሚያልፍ ነው። ይሄን ኢኪው አይመልሰውም። ዘፈኑን አንድ ቶን ዝቅ አድርጉት። ከቀረጻ በፊት ቢሆን አምስት ደቂቃ ነው። ከቀረጻ በኋላ ከሆነ፣ አይዟችሁ።

በአፍንጫዋ ትዘፍናለች

መግቢያው ላይ የኔን ጉድ ነግሬያችኋለሁ። ግን አንዳንዴ የአፍንጫው ድምጽ እውነትም ይበዛል። እንዴት ትለያላችሁ? የአፍንጫ አናባቢ የሌለበትን ቃል ስሙ። እዚያም ድምጿ ያው ከሆነ ምክንያቱ ማይኩ ወይም አቋሟ ነው፤ ማይኩን ከአፍንጫዋ ትይዩ ወደ አገጯ ዝቅ አድርጉት። «ቦን» እና «ቨን» ዓይነት ቃላት ላይ ብቻ ከሆነ ግን ቋንቋው ነው። ተዉት። በጣም ከበዛባችሁ በዳይናሚክ ኢኪው ከ800 ኸርዝ እስከ 1.2 ኪሎኸርዝ ባለው መካከል ቢበዛ 2 ዴሲቤል፣ ሲዘል ብቻ። በቋሚነት አትቁረጡ።

«ር»ዋ ጉሮሮ የምትጠርግ ይመስላል

ድሮ «ር»ን በምላሳቸው የሚያንከባልሉ የፈረንሳይ ዘፋኞች ነበሩ፤ ከእኛው ጋር ይቀራረባል። የዛሬ ዘፋኞች ግን ከጉሮሮ ነው የሚያወጡት። አየር የሚፋተግበት ድምጽ ነው። ብቻውን ምንም አይልም። ኮምፕሬሰር ሲያገኘው ግን ይጎላል፣ ዲስቶርሽን ወይም ሳቹሬሽን (ለስለስ ያለ ዲስቶርሽን) ሲጨመርበት ይባስ ይሻክራል። ሻካራው «ር» ከኮምፕሬሰሩ በፊት 2 ወይም 3 ዴሲቤል ይውረድ። ሳቹሬሽኑን በሌላ ትራክ አድርጋችሁ በትንሹ ቀላቅሉት። አታጥፉት ግን። «ር» የሌለው ፈረንሳይኛ ጥርስ እንደሌለው አፍ ነው።

«ስ» እና «ሽ» ይወጋሉ

በንግግር «እኔ ነኝ» የሚለው ሐረጋቸው አጥሮ «ሽዊ» ይሆናል፤ የወጣት ሮክ ግጥም በሱ ተሞልቷል። በዚያ ላይ የሴት «ስ» ከወንድ ከፍ ብሎ ከ6 እስከ 9 ኪሎኸርዝ ነው የሚቀመጠው፣ ልክ የድራሙ ሲምባል ከሚያንሾሸው ጋር። ኮንደንሰር ማይክ ከሆነ ከአፏ ከፍ አድርጋችሁ ትንሽ ወደ ጎን አዙሩት። አሁንም ከወጋ ማይክ ቀይሩ። ኃይለኛ ለምትዘፍን ልጅ ውዱ ኮንደንሰር ሁልጊዜ አይሻልም፤ ሹር ኤስኤም7ቢ ዓይነት ዳይናሚክ ማይክ ጫፉን ያለዝበዋል። ብዙ ጌን (ማጉላት) ይበላል፣ 60 ዴሲቤል ገደማ፤ ደካማ ኢንተርፌስ ላይ ሺሺታ ይተርፋችኋል። ዲኤሰር («ስ» እና «ሽ»ን ብቻ የሚያለዝብ መሣሪያ) የመጨረሻው መድኃኒት ነው። ሲበዛ «ስ» ሁሉ ደብዝዞ ምላሷ የታሰረ ይመስላል።

የስንኙ ጫፍ ይቆረጣል

በፈረንሳይኛ ንግግር ብዙ ቃላት መጨረሻቸው ላይ የማይነበብ «ኧ» አላቸው። ዘፈን ላይ ግን ብዙ ጊዜ ይነበባል፣ የራሱ ኖታም ይሰጠዋል። ደካማና አጭር ድምጽ ነው። የሚጠፋው ኖይዝ ጌት (ደካማ ድምጽን የሚዘጋ መሣሪያ) ስላደረጋችሁ ነው። ጌቱን አውጡት። በምትኩ ባዶ ቦታዎቹን በእጅ ዝቅ አድርጉ፣ የስንኙን ጫፍ ደግሞ በአውቶሜሽን (ሶፍትዌሩ ከፍ ዝቅታውን መዝግቦ ራሱ እንዲደግመው በማድረግ) አንሡት። ሪቨርቡን ከመጨመር ይልቅ አጭር ዲሌይ ብትጠቀሙ ጫፉ አይደፈንም።

ደብል ስናደርጋት ይጨማለቃል

አዝማቹ ወፍሮ እንዲሰማ ሁለቴ ቀረጻችሁ። ጊዜው ልክ ነው፣ ኖታው ልክ ነው። ግን የሆነ ነገር ይጋጫል።

ሊኤዞኑን ስሙ። ፈረንሳይኛ ቀጣዩ ቃል በአናባቢ ሲጀምር ዝም ያለውን ተነባቢ ይቀሰቅሰዋል። «ሌ» እና «አሚ» ሲገናኙ «ሌዛሚ» ይሆናሉ። እዚህ ግዴታ ነው፣ ሌላ ቦታ ግን በዘፋኟ ምርጫ ነው። በአንዱ ቴክ (ቀረጻ) አገናኝታ በሌላው ለያይታ ከሆነ፣ አንዱ «ዝ» ብቻውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ከቀረጻ በፊት ወረቀቱ ላይ የሚያያዘውን በእርሳስ አስምሩ። ደብሉ ላይ ደግሞ መጨረሻ ያሉትን «ስ» እና «ት» እንድታለሳልስ ንገሯት፤ ዋናው ትራክ ይናገራቸዋል። እሱ ካልሆነ ደብሉን በዲኤሰር በደንብ ጫኑት። ማንም ለብቻው አይሰማውም።

ስትንሾካሾክ ክፍሉ ይሰማል

ከጄን በርኪን ወዲህ በትንፋሽ መዝፈን እዚያ አገር የራሱ መንገድ አለው። እንግሊዛዊት ነበረች፤ በፈረንሳይኛ እየተንሾካሾከች ነው የታወቀችው። ቨርሱ በዚህ ከሆነና አዝማቹ ሮክ ከሆነ በአንድ ጌን አትቅረጹ። ሁለት ትራክ፣ ሁለት ርቀት። ለአዝማቹ 20 ሴንቲሜትር ገደማ ትራቅ፣ ከፍተኛው ጫፍ ከ-10 ዴሲቤል አይለፍ። ለሹክሹክታው 8 ወይም 10 ሴንቲሜትር ትቅረብ፣ ፖፕ ፊልተር ይኑር። ስትቀርብ 200 ኸርዝ አካባቢ ያብጣል፤ እሱን 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቁረጥ ነው። 50 ኸርዝ ላይ እምምም የሚል ካለ ኢኪው ከመክፈታችሁ በፊት ኬብሉን ከመብራት ገመድ አርቁ፣ ፍሪጁን ንቀሉ።

ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ የምትሰቅሉት ከማይኩ ኋላ ብቻ አይሁን። ካርዲዮይድ ማይክ የሚሰማው ወደ ፊቱ ነው፤ ስለዚህ ከጀርባዋ ስቀሉት። ትንፋሿን ደግሞ አትሰርዙ፣ 6 ዴሲቤል ዝቅ አድርጉት እንጂ። እና በሹክሹክታው ጊዜ የሄድፎኗን ክሊክ (ፍጥነቱን የሚቆጥረውን ድምጽ) ቀንሱላት። እኔ አንዴ ረስቼው፣ የዘፈኑ በጣም ዝም ያለ ቦታ ላይ «ቲክ፣ ቲክ» ሲል ያገኘሁት ሚክሱን አስረክቤ ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው።