ናይለን የገባበት ክራር፣ ከፒቪሲ (የፕላስቲክ ቧንቧ) የተሠራ ዋሽንት፦ ችግርና መፍትሄ

ክራሩ ተቃኝቶ አንድ ዜማ ሳያልቅ ይወርዳል

አዲስ ናይለን ይለጠጣል። ዛሬ ቀይራችሁ ማታ መድረክ ላይ አትውጡ። ቃኙት፣ በጣት ሳብ ሳብ አድርጉት፣ እንደገና ቃኙት። ጥቂት ቀን እንዲህ ደጋግሙት። ከዚያም በኋላ ከወረደ ቀንበሩን፣ ክሮቹ የሚጠመጠሙበትን የላይኛውን እንጨት፣ እዩ። ናይለን ያሟልጫል፤ የተጠመጠመበት ጨርቅ ካረጀ ይንሸራተታል። ሻካራ የጥጥ ጨርቅ ቀይሩለት። የታችኛው ቋጠሮ ካስቸገረ ደግሞ የክሩን ጫፍ በላይተር ለኮስ አድርጉት። ቀልጦ ትንሽ ኳስ ይሠራል፣ ከቋጠሮው አያመልጥም።

ወፍራሙ ክር ደነዘዘ

ሰው ድምፁን ለማውረድ ብሎ የወፈረ የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ይገዛል። ክሩ ሲወፍር ግን ይገተራል፣ እንደ ልብ አይርገበገብም። የሚፈለገው ክብደት ነው እንጂ ውፍረት አይደለም። ፍሎሮካርቦን የሚባለው የማጥመጃ ክር ውፍረቱ እኩል ሆኖ ከናይለን አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ይከብዳል። ስለዚህ የ1 ሚሊሜትር ናይለንን ድምፅ 0.8 ሚሊሜትር ገደማ ፍሎሮካርቦን ይሰጣችኋል። ወደድ ስለሚል ለወፍራሞቹ ክሮች ብቻ ግዙ።

በገናው አይነዝርም

የበግ አንጀቱ በናይለን ሲተካ እንዝራው (በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው ቆዳ) የድሮ ቦታው ላይ አይሠራም። አውታሩን እየመታችሁ ቆዳዋን በጥፍር ወደፊትና ወደኋላ ገፋ ገፋ አድርጉ። የፀጉር ያህል ናት የምትፈለገው። ነዘር ሲል ተዉት። 10ሩንም አንድ በአንድ ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። በቆዳዋ ፋንታ ላስቲክ አታስገቡ፣ ድምፁን ይውጠዋል።

የመሰንቆው ደጋን ይንሸራተታል

የፈረስ ጭራ የዛፍ ሙጫ ይይዛል፣ ልሙጥ ናይለን አይይዝም። አንድ ወፍራም ክር ከመወጠር ብዙ ቀጫጭኑን አንድ ላይ አድርጉ፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዳበስ አድርጋችሁ ሙጫ ቀቡት። ለደጋኑ ግን እኔ ከፈረስ ጭራ ወዲያ አላውቅም።

የፒቪሲ ዋሽንት ቅኝቱ ተዛባ

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ፦ ሸምበቆ በጋለ ብረት ይበሳል፣ ፒቪሲ ግን በጭራሽ! ሲቃጠል የሃይድሮጅን ክሎራይድ ጭስ ያወጣል፣ ሳንባ ይጎዳል። በመሰርሰሪያ ብሱት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ተደፍነው ድምፁ ከወረደ የታችኛውን ጫፍ በትንሽ በትንሹ ሞርዱ። አንዱ ቀዳዳ ብቻ ከወረደ እሱኑ ወደ አፍ በኩል አስፉት። ከፍ ካለ ጠርዙ ላይ ሰም ለጥፋችሁ አጥብቡት።