ሄድፎናችሁ አምፕሊፋየር ይፈልጋል ወይስ ችግሩ ሌላ ነው?

«ሄድፎኔ ድምፁ ደከም ብሎብኛል፤ አምፕ ልግዛ?» ለሚል ሰው የመጀመሪያው መልስ «ቆይ» ነው። አምፕሊፋየር የሚፈታው አንድ ችግር ብቻ ነው፤ ስልኩ ወይም ላፕቶፑ የሚያወጣው ጉልበት ለሄድፎኑ ሲያንስ። ውኃ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ አልደርስ ካለ ፓምፕ ይገጠማል፤ ቧንቧው ተደፍኖ ከሆነ ግን ፓምፕ ምን ይሠራል? «ጉልበት አነሰው» ከሚባሉት ሄድፎኖች ብዙዎቹ የተደፈነ ቧንቧ ናቸው።

ሄድፎናችሁ ብሉቱዝ ከሆነ የአምፑን ጉዳይ እዚሁ ተዉት። ማጉያው እውስጡ ተገጥሞ ነው የመጣው፤ ከውጭ የሚቀጠልለት ነገር የለም። ድምፁ ካነሰ በሄድፎኑ በራሱ ቁልፍ ጨምሩት፤ አንዳንድ አንድሮይድ ስልኮች ላይ የስልኩና የሄድፎኑ ቮልዩም ለየብቻ ናቸው። የሚቀጥለው ሁሉ በገመድ ለሚሰማ ሰው ነው።

ምልክት፦ ቮልዩሙ መጨረሻ ደርሶም ድምፁ አይበቃም

እውነተኛ የአምፕ ጉዳይ የመሆን ዕድል ያለው ይኼ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ቀላሎቹን አስወግዱ። አይፎን ላይ ከፍተኛ ድምፅን የሚገታ ቅንብር አለ፤ ሳምሰንግ ላይም የሚዲያ ቮልዩም ገደብ አለ። አንዱ በርቶ ከሆነ ሄድፎኑ ምንም አላጠፋም። ኢርፎን ከሆነ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ መረብ በባትሪ መብራት እዩ፤ የጆሮ ኩክ ከደፈናት ምንም ዓይነት አምፕ አያልፋትም። ከዚያ ዘፈኑን ጠርጥሩ። ከካሴት ተገልብጠው ዩቲዩብ ላይ የተጫኑ የድሮ ዘፈኖች ውስጥ በጣም ዝቅ ብለው የተቀዱ ሞልተዋል። በቅርብ ጊዜ ስቱዲዮ የተሠራ ዘፈን ክፈቱ፤ እሱ ጆሮ የሚበጥስ ሆኖ የድሮው ብቻ ከደከመ ችግሩ ቅጂው ላይ ነው።

ይኼ ሁሉ ካልሆነ ወደ ቁጥር እንሂድ። የሄድፎኑ ካርቶን ወይም መመሪያ ላይ ሁለት ቁጥሮች ፈልጉ፤ በኦም የሚጻፈው ኢምፔዳንስ (ሄድፎኑ ኤሌክትሪኩን የሚቃወምበት መጠን) እና በዴሲቤል የሚጻፈው ሴንሲቲቪቲ (በተሰጠው ጉልበት ምን ያህል እንደሚጮኽ)። ሰው ብዙ ጊዜ ኦሙን ብቻ አይቶ ይፈርዳል፤ «32 ኦም ነው፣ ለስልክ ይበቃል፤ 250 ነው፣ አምፕ ያስፈልገዋል»። ኦም ብቻውን ምንም አይነግራችሁም።

አንድ ሰው በምቾት ሲያዳምጥ አማካዩ 75 ወይም 80 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ከበሮው ሲመታ ወይም ዘፋኙ ሲያወጣው ግን ድምፁ ለቅጽበት 15 ወይም 20 ዴሲቤል ወደ ላይ ይዘላል። ለእነዚያ ቅጽበቶች እስከ 110 የሚያደርስ አቅም ካለ ምንም አይጎድልም። እንግዲህ ከ110 ላይ የሄድፎኑን ሴንሲቲቪቲ ቀንሱ። ልዩነቱ 10 ከሆነ የሚያስፈልገው 10 ሚሊዋት ነው፤ 20 ከሆነ 100 ሚሊዋት፤ በመካከሉ በየ3 ዴሲቤሉ ኃይሉ እጥፍ ይሆናል። ሚሊዋቱን ለ1000 አካፍሉ፣ በኦሙ አባዙ፣ የውጤቱ ስኩዌር ሩት የሚያስፈልጋችሁ ቮልት ነው።

ስቱዲዮዎች ውስጥ የሚታየው ሶኒ ኤምዲአር 7506 63 ኦም ነው፤ በአንድ ሚሊዋት 106 ዴሲቤል ይሰጣል። 110 ለመድረስ 0.4 ቮልት ይበቃዋል፤ የትኛውም ስልክ ያነሳዋል። ኦዲዮ ቴክኒካ ኤም50ኤክስ 38 ኦም፣ 99 ዴሲቤል ነው፤ 0.7 ቮልት። በየርዳይናሚክ ዲቲ 990 ፕሮ 250 ኦም፣ 96 ዴሲቤል ነው፤ 2.5 ቮልት ይፈልጋል፤ እዚህ ላይ ነገሩ ይከብዳል። ሃይፋይማን ኤችኢ-6 ደግሞ 50 ኦም ብቻ ነው። በኦሙ የሚፈርድ ሰው «ቀላል ነው» ይላል። ሴንሲቲቪቲው ግን 83.5 ስለሆነ 4.7 ቮልትና 450 ሚሊዋት ገደማ ይበላል። ከአራቱ ያለ ጥርጥር ጠንካራ አምፕ የሚያሻው ኦሙ ከፍተኛ የሆነው ሳይሆን ይኼኛው ነው።

አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ አምራች ሴንሲቲቪቲውን በሚሊዋት፣ ሌላው በቮልት ይጽፋል። ሴንሃይዘር ኤችዲ 650 103 ዴሲቤል የሚለው በአንድ ቮልት ነው፤ ሄድፎኑ 300 ኦም ስለሆነ ያው በሚሊዋት ሲቆጠር 98 ገደማ ይሆናል። ሁለቱን ቁጥሮች ሳያስተያዩ ሄድፎን ማወዳደር ብርን ከዶላር ጋር ሳይመነዝሩ እንደ ማወዳደር ነው።

አሁን ደግሞ ሰጪው (ስልኩ፣ ላፕቶፑ ወይም አዳፕተሩ) ምን ያህል ያወጣል? የአፕል ትንሿ ነጭ አዳፕተር፣ ባለ ዩኤስቢ ሲዋ፣ አንድ ቮልት ገደማ ታወጣለች። እዚህ ላይ ዕቃ ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው አንድ ነገር ልንገር፤ ለአሜሪካ ገበያ የምትሠራው (ሞዴል ኤ2049) አንድ ቮልት ስታወጣ ለአውሮፓ የምትሸጠው (ኤ2155) ግማሽ ቮልት አካባቢ ላይ ትቆማለች። መልካቸው አንድ ነው። አክስታችሁ ከፍራንክፈርት የላከችው ደከመ፣ የጓደኛችሁ ከዋሽንግተን የመጣው ጮኸ ከተባለ ምክንያቱ ይኼ ሊሆን ይችላል። ብዙ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ደግሞ አሜሪካዊቷም ቢሆን ዝቅ ብላ ነው የምትወጣው፤ ስልኩ የአዳፕተሯን የውስጥ ቮልዩም እስከ መጨረሻው አይከፍተውም።

በፈረንጆቹ 2021 የወጡት ባለ 14 እና ባለ 16 ኢንች ማክቡክ ፕሮዎች ሄድፎኑን ለክተው ያውቁታል፤ ከ150 ኦም በታች ከሆነ እስከ 1.25 ቮልት፣ ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ቮልት ይሰጣሉ። ስለዚህ ያንኑ ዲቲ 990 ማክቡኩ ላይ ሰክቶ አምፕ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። አንድ ቮልት ባለው አዳፕተር ግን 102 ላይ ያቆማል። ለዘመኑ ዘፈን ይበቃል፤ ዝቅ ብሎ ለተቀዳ መዝሙር ወይም ለፊልም ሊያንስ ይችላል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ባለ አንድ ቮልቱን እሞክርና ካነሰኝ ብቻ ወደ አምፕ እሄዳለሁ።

ስሌቱ «በቂ አለህ» ካለ፣ ጆሮ ደግሞ «አልበቃኝም» ካለ ጆሮውን ተጠራጠሩ። ታክሲ ውስጥ ከሞተሩ ድምፅ ጋር እየተፎካከሩ ቮልዩም የሚጨምሩ ከሆነ መፍትሔው ጆሮን በደንብ የሚዘጋ ኢርፎን ነው። በሥራ ቦታ የድምፅ ደኅንነት መለኪያ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ይፈቀዳል፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል፤ 100 ላይ ሲደርስ የቀረው 15 ደቂቃ ነው።

ምልክት፦ ቤዙ ቀጠነ

«አምፕ ቤዝ ይጨምራል» የሚለው ወሬ ሥር የሰደደ ነው። ሄድፎኑን አድርጋችሁ ሁለቱንም ጎኖች በእጃችሁ ጫን በሏቸው። ቤዙ ወዲያው ከተመለሰ አየር እያመለጠ ነው። መነጽር፣ ሻሽ ወይም ሂጃብ፣ ወፍራም ሹሩባ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ተሰነጣጥቆ የጠፈጠፈ ስፖንጅ አየር ያስወጣል። መፍትሔው አዲስ ስፖንጅ ነው፤ ከማንኛውም አምፕ ይረክሳል። ኢርፎን ከሆነ ትልቁን ጎማ ሞክሩ።

ጀርባው ክፍት የሆነ ሄድፎን ተፈጥሮው ነው፤ ጥልቁን ቤዝ ብዙም አይሰጥም። ኢኳላይዘር የተሻለ ይረዳዋል።

አምፕ ሲሰካ ቤዙ «መጣ» የሚመስለው አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ ከፍ ስላለ ነው። ጆሮአችን ዝቅ ባለ ድምፅ ቤዝን አሳንሶ ይሰማል፤ ትንሽ ሲጨመር ሁሉም ነገር የሞላ ይመስላል። ቤዙ ቀጥኖ ሳይሆን አብጦ፣ ተዘርግቶ ከተሰማ ግን ሰጪውን እዩ፤ የቆዩ ሪሲቨሮችና ሚክሰሮች የሄድፎን ጃካቸው የውስጥ ኢምፔዳንስ ከፍተኛ የሆነ አሉ። ደንቡ የሰጪው ኦም ከሄድፎኑ አንድ ስምንተኛ አይብለጥ የሚል ነው፤ ለ32 ኦም ሄድፎን 4 ኦም ማለት ነው።

ምልክት፦ ዘፋኙ ጠፋ፣ ሙዚቃው ብቻ ቀረ

በጣም የሚያስገርመው ይኼ ነው። ከበሮው፣ ኦርጋኑ፣ ማሚቶው ይሰማል፤ የዘፋኙ ድምፅ ግን ጉድጓድ ውስጥ እንዳለ ይርቃል ወይም ጭራሽ የለም። ሰው «ጉልበት አነሰው» ይላል። ጉዳዩ ግን የጃኩ ነው። የሁለቱ ጎኖች የጋራ መመለሻ ሽቦ ሲቋረጥ በግራና በቀኝ እኩል የተቀዳው ይሰረዛል፤ የዘፋኙ ድምፅ ደግሞ የሚቀዳው መሐል ላይ ነው።

የስልኩን ከቨር አውልቁና ጃኩን ቀጭ እስኪል ግፉት። ካልገባ ቀዳዳው ውስጥ የኪስ ብናኝ ታጭቋል፤ ስልኩን አጥፍታችሁ በስቴኪኒ ቀስ ብላችሁ አውጡት፤ መርፌ እንዳታስገቡ። ሦስት ጥቁር መስመር ያለው ባለ ማይክ ጃክ ሚክሰር ላይ ሲሰካም ይኼው ሊከሰት ይችላል፤ ማይኩንና ድምፁን የሚለይ ኬብል ይፈታዋል። ገመዱን ሲያንቀሳቅሱ ድምፁ ከሄደና ከመጣ ጃኩን ማስቀየር ነው፤ ብየዳ የሚያውቅ ጠጋኝ ይሠራዋል።

ምልክት፦ ከፍ ሲል ይሰነጠቃል

መጀመሪያ ኢኳላይዘሩን አጥፉ። ቤዙን 6 ዴሲቤል ጨምሮ ጠቅላላውን ያልቀነሰ ሰው ድምፁን ጣሪያ እያስመታው ነው። ቤዝ በጨመራችሁበት ልክ ፕሪአምፑን (ኢኳላይዘሩ ላይ ያለውን የጠቅላላ ድምፅ መቆጣጠሪያ) ቀንሱ፤ ስንጥቃቱ ይጠፋል። ያን ጊዜ ቮልዩሙ ካነሰ አዎ፣ አምፕ ትርጉም ሊኖረው ይችላል።

ዝቅ ባለ ቮልዩምም፣ በቤዝ ጊዜ፣ አንድ ጎን ብቻ ካንኮሻኮሸ ድያፍራሙ (እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣው ስስ ሽፋን) ላይ ፀጉር አርፏል ወይም ተጎድቷል። ሄድፎኑን ሌላ ስልክ ላይ ሰክታችሁ አረጋግጡ።

ለዚህ ሙከራ በገና አትጠቀሙ። በገና አሥሩም ጅማቶቹ ሥር እንዚራ የምትባል ቁራጭ ቆዳ አለች፤ በእሷ ምክንያት ነው ያ ነዛሪ ድምፅ የሚወጣው። ጥሩ ሄድፎን ያንን ይበልጥ አጉልቶ ያሰማል እንጂ አልተበላሸም። በፒያኖ ወይም በጥርት ያለ የሰው ድምፅ ሞክሩ።

ምልክት፦ ሽሽታ ወይም ዝዝታ

ዘፈኑ ቆሞም «ሽ…» የሚል ከሆነ አምፕ ጨምሮ ማባባስ ነው። ሴንሲቲቪቲው በጣም ከፍተኛ የሆነ ኢርፎን ጉልበቱ ከሚገባ በላይ በሆነ አምፕ ላይ ሲሰካ እንዲህ ያደርጋል። አምፑ የጌይን (የማጉያ መጠን) መቀየሪያ ካለው ዝቅተኛው ላይ አድርጉት፤ ከሌለው ቀጥታ ወደ ስልኩ ተመለሱ።

«ዝዝ…» ከሆነ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉ። ዝም ካለ ኮረንቲው ነው። የላፕቶፑን ብረት ስትነኩ ድምፁ መቀየሩም ያው ምልክት ነው፤ ሶኬቱ ወይም ዲቫይደሩ ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። በባትሪ መስማት ወይም ኧርዝ ያለው ሶኬት መጠቀም ይፈታዋል። ባትሪ ላይም ሆኖ መዳፊቱን ስታንቀሳቅሱ የሚጮኽ ከሆነ የላፕቶፑ የድምፅ ክፍል ነው፤ ድምፁን ከላፕቶፑ ውጭ የምትሠራ ትንሽ የዩኤስቢ ዳክ ግዙ፤ ማጉያም አብሯት አለ።

ምልክት፦ አንድ ጎን ያንሳል

ሄድፎኑን አዙራችሁ አድርጉት፤ ግራው ቀኝ ይሁን። የደከመው ጎን አብሮ ከዞረ ሄድፎኑ ወይም ሰጪው ነው፤ በዚያው ጆሮ ላይ ከቀረ ጆሮአችሁ ነው፤ ሐኪም ይየው። ባለ ክብ መዞሪያ አምፕ ላይ ቮልዩሙ ገና ሲከፈት ብቻ አንድ ጎን ካነሰ የመዞሪያው ጠባይ ነው፤ የስልኩን ቮልዩም ቀንሳችሁ መዞሪያውን ወደ መሐል አምጡት።

ይኼን ሁሉ አልፋችሁ አምፕ ያስፈልጋል ከተባለ

ሻጩ «ኃይለኛ ነው» ሲላችሁ በስንት ኦም ብላችሁ ጠይቁት። በ32 ኦም ትልቅ ዋት የጻፈ አምፕ በ250 ኦም ቮልቱ ሊያጥረው ይችላል። የስፒከር አምፕ የስፒከር ሽቦ ላይ ሄድፎን አትቀጥሉ፤ በቅጽበት ሊቃጠል ይችላል። ሱቅ ስትሄዱ የራሳችሁን ስልክና ሄድፎን ያዙ። ጌይኑን ዝቅ፣ ቮልዩሙን ዜሮ ላይ አድርጋችሁ ጀምሩ። ያለ አምፑና በአምፑ እኩል ከፍታ ላይ ካደረጋችሁ በኋላ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ አብሯችሁ የሄደ ሰው ይቀያይርላችሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ካልለያችሁት፣ ገንዘቡን ለአዲስ ስፖንጅ አውሉት።