የብረት ቅርፊት ብሪኬት ሲበላሽ፦ ምልክቱ፣ ምክንያቱ፣ መፍትሄው

ቢሌት፣ ማለትም ወፍራም የብረት ዘንግ፣ ግሎ በሮለር ሲያልፍ ከላዩ እየተላጠ ጉድጓድ ውስጥ የሚወርደው ጥቁር ቅርፊት፣ ሚል ስኬል የሚባለው፣ በክብደቱ 70 በመቶ ገደማ ብረት ነው። ይህን መጣል ያሳዝናል። ዱቄቱ ወደ ፈርነስ (ብረት ማቅለጫ ምድጃ) እንዲመለስ ግን በብሪኬት፣ ማለትም በተጨመቀ ጡብ፣ መልክ መታተም አለበት። መነሻ ቅመማው ለ100 ኪሎ ደረቅ ቅርፊት በማጣበቂያነት ከ5 እስከ 6 ኪሎ ሞላሰስ (የስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት) እና ከ2 እስከ 3 ኪሎ በውሃ የበረደ ኖራ ነው።

ከማተሚያው ሲወጣ ይፈረካከሳል፣ ወይም እንደ ባቄላ ክክ ለሁለት ይከፈላል

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃ ነው። 100 ግራም ቅርፊት መዝናችሁ፣ በ105 ዲግሪ ሴልሺየስ ክብደቱ መቀነስ እስኪያቆም አድርቁ፤ የጎደለው ግራም የእርጥበቱ መቶኛ ነው። ከ3 ከበለጠ ሳይደርቅ አይቀላቀል፤ ሞላሰሱም የራሱን ውሃ ይዞ ይመጣል። ቀጥሎ የቅርፊቱን መጠን እዩ። ስስና ጠፍጣፋ ስለሆነ ትልልቁ ይንሸራተታል እንጂ አይያያዝም፤ በ3 ሚሊሜትር ወንፊት እስኪያልፍ ይፈጭ። ኖራው አስቀድሞ ከደረቁ ቅርፊት ጋር ይዋሃድ፣ ሞላሰሱ በመጨረሻ ይግባ፤ ከተገላበጠ ኖራው ይጓጉላል። ይህ ሁሉ ተስተካክሎም ለሁለት ከተከፈለ ዱቄቱ መሃል አየር እየታፈነ ነው፤ የማተሚያውን ሮለሮች ፍጥነት ቀንሱ።

ሲታተም ደህና ነበር፣ በማግስቱ አብጦ ተሰነጠቀ

ያልበረደ ኖራ ገብቷል፤ ውሃ ሲጠጣ መጠኑ ወደ እጥፍ ይጠጋል። ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከተቀላቀለ የአርክ ፈርነስ (በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚያቀልጥ ምድጃ) አቧራ ነው። ጥቂቱን ባልዲ ውስጥ በውሃ ለውሱና ቴርሞሜትር ክተቱ፤ ከሞቀ ምክንያቱ ተገኘ። አቧራውን አርጥባችሁ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አቆዩት፣ ከዚያ አድርቁ። እርሳስ ስላለበት ያለ ጓንትና ያለ ጭምብል አይነካ። አቧራው ዚንክ የተለበጠ ቆርቆሮ ከሚያቀልጥ ፈርነስ ከሆነ ግን ጨርሶ ባይገባ ይሻላል፤ ዚንክ በ907 ዲግሪ ስለሚተን በየዙሩ አቧራው ውስጥ እየተጠራቀመ ይሄዳል።

ዝናብ ሲነካው ይሟሟል

ሞላሰስ ነውና ይሟሟል። ጣሪያ ሥሩለት። ሲሚንቶ ዝናብ ይችላል፣ ነገር ግን ስላግ (በቀለጠ ብረት ላይ የሚንሳፈፈውን ዝቃጭ) ያበዛል።

ሲጨመር ጥቁር ጭስና ነበልባል ይወጣል

የማሽን ዘይት ነው። ዘይቱ የሚያዘው በመጨረሻው የማጥለያ ጉድጓድ የሚዘቅጠው ደቃቅ ጭቃ ላይ ነው፤ የመጀመሪያው ጉድጓድ ሻካራ ቅርፊት ከዚያ ይልቅ ንጹህ ነው። ሁለቱን ለየብቻ አውጡ፣ ጭቃውን አትቀላቅሉ። ሜዳ ላይ ማቃጠል መርዛማ ጭስ ያመጣልና አይሞከር።

ፈርነስ ውስጥ ይፈነዳል፣ የቀለጠ ብረት ይረጫል

ሰው የሚገድለው ይህ ነው። በ105 ዲግሪ የደረቀ ብሪኬት ደርቋል ብላችሁ አትመኑ። የበረደ ኖራ ውሃውን የሚለቀው ከ500 ዲግሪ በላይ ነው፤ 3 ኪሎ ኖራ እስከ 0.7 ኪሎ ውሃ ይደብቃል። ስለዚህ ብሪኬት በቀለጠ ብረት ላይ በፍጹም አይጣል። ከቀዝቃዛው ቁርጥራጭ ጋር አስቀድሞ ይግባና አብሮ ቀስ ብሎ ይሙቅ።

ስላጉ ይቀጥናል፣ ላይኒንጉ (የፈርነሱ የውስጥ ግድግዳ) ይበላል፣ ብረቱ ግን አይጨምርም

በኢንዳክሽን ፈርነስ (በኤሌክትሪክ ጥቅል ሽቦ በሚያሞቅ ምድጃ) በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ላይኒንጉ ሲሊካ ነው፣ ቅርፊቱ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ በ1200 ዲግሪ አካባቢ የሚቀልጥ ስላግ ይሠራሉ። ብረቱ ወደ ማንኪያው (የቀለጠ ብረት መቅጃው) ሳይሆን ወደ ስላጉ ይሄዳል፣ ግድግዳውንም ይዞ ይሄዳል።

ኦክሲጅኑን የሚነጥቅ ካርቦን ብሪኬቱ ውስጥ ይግባ። 100 ኪሎ ቅርፊት 25 ኪሎ ገደማ ኦክሲጅን ይዟል፤ ይህን ለማውጣት ወደ 19 ኪሎ ንጹህ ካርቦን ያስፈልጋል። 80 በመቶ ካርቦን ያለው የኮክ ዱቄት ከሆነ 23 ኪሎ ገደማ። ከ1 ሚሊሜትር በታች ይፈጭ፤ ሻካራ ኮክ ሳይሠራ ይንሳፈፋል። ማጣበቂያውን በቅርፊቱ ብቻ ሳይሆን በጠቅላላው ዱቄት አስሉት፣ አለበለዚያ ወደ መጀመሪያው ችግር ትመለሳላችሁ።

ከቻርጁ (ለአንድ ማቅለጥ ከሚገባው ጠቅላላ ጥሬ ዕቃ) በ5 በመቶ ጀምሩ፤ ከየማቅለጡ በኋላ የላይኒንጉን ውፍረት ለኩ፣ ካልቀነሰ ብቻ ጨምሩ። ካርቦኑ ሲሠራ ካርቦን ሞኖክሳይድ ስለሚወጣ ብረቱ ይፈላል፣ ጋዙም ሽታ የሌለው መርዝ ነው። ጭስ መሳቢያው ካልሠራ ብሪኬት አይጨመርም።