ባሌስትራ ስታስጨምሩ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ከቃሊቲ እስከ ገላን በመንገዱ ዳር ባሌስትራ፣ ማለትም ከመኪናው ሥር ጭነቱን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ፣ የሚሠሩ ብዙ ናቸው። ጠዋት ብታልፉ የአንድ አይሱዙ ኋላ በክሪክ ተነሥቶ ታያላችሁ። ባለቤቱን ምን ሆነ ብትሉት መልሱ ያው ነው፦ «ሲጫን ይተኛል፣ አንድ ሁለት ፍሬ ላስጨምር ብዬ ነው።» እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር።

ትልቁ ስህተት ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው አቅምም ይጨምራል ብሎ ማመን ነው። አይጨምርም። ጭነቱን ባሌስትራው ብቻውን አይሸከምም። ጎማ፣ ቸርኬ (ጎማው የሚገጠምበት ብረት)፣ ኩሽኔታ (ጎማውን በቀላሉ የሚያዞረው)፣ አክስል (የግራና የቀኝ ጎማ የሚታሰርበት ዘንግ)፣ ሻንሲ (የመኪናው አጽም) እና ፍሬን አብረው ይሸከማሉ፤ ልኩን የሚወስነው ከሁሉም ደካማው ነው። የኋላ ጎማችሁን ጎን አንብቡ። 7.50-16 ጎማ ላይ 122/118 የሚል ካገኛችሁ፣ 118 ማለት ጎማው በጥንድ ሲታሰር አንዱ 1,320 ኪሎ ይችላል ማለት ነው። አራቱ ሲደመሩ 5,280 ኪሎ። ከዚህ ላይ ባዶው መኪና ኋላ ላይ የሚያሳርፈው ክብደት ይቀነሳል። የተረፈው ነው ለጭነት የሚሆነው። አሥር ባሌስትራ ብትደረድሩ ይህ ቁጥር አይለወጥም።

የእኔ መኪና ባሌስትራ ከተጨመረለት በኋላ ቀጥ ብሎ ቆመ። ደስ አለኝና ጭነት ጨመርኩ። ብዙም ሳይቆይ ዱከም አካባቢ የኋላ ኩሽኔታ ተቃጠለ። ያኔ ነው የገባኝ፤ መኪናው ሲተኛ «በቃኝ» እያለኝ ነበር። ያስጨመርኩት ባሌስትራ አፉን ነው የዘጋው።

ሁለተኛው ውፍረት ሳይለኩ ከሌላ መኪና የወጣ ባሌስትራ መክተት ነው። የባሌስትራ ጥንካሬ ከውፍረቱ ጋር እኩል አያድግም። 10 ሚሊ ሜትር የነበረው 12 ሲሆን፣ ሁለት ሚሊ ብቻ ይመስላል እንጂ ጥንካሬው 1.7 እጥፍ ያህል ይሆናል። ስለዚህ ወፍራሙ ከቀጫጮቹ ጋር ሲታሰር ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ቀድሞ የሚሰበረውም እሱ ነው። ባዶ ስትመለሱ ደግሞ መኪናው ይዘላል። ጎማው አስፋልቱን እየለቀቀ ፍሬን አይይዝም፤ ንዝረቱም ሻንሲው ላይ ያርፋል። ስንጥቅ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ባሌስትራው ሻንሲው ላይ ከሚታሰርበት አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ የፍሬኑ ነገር ነው። አንዳንድ መኪኖች ላይ ከሻንሲው ወደ ኋላ አክስል የምትዘረጋ ቀጭን ዘንግ አለች። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ዝቅ ይላል፣ ዘንጓ ትንቀሳቀሳለች፣ ቫልቩም ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል። ባሌስትራ ጨምራችሁ ኋላውን ከፍ ስታደርጉት ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ ያስባል። ሙሉ ጭነት ይዛችሁ የኋላ ፍሬናችሁ በባዶ ልክ ይሠራል ማለት ነው። ከሱሉልታ መጥታችሁ በእንጦጦ ቁልቁለት ወደ ከተማ ስትወርዱ አስቡት። መኪናችሁ ይህ ዘንግ ካለው፣ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ዘንጉ እንደገና ይስተካከል። ሠሪው «አያስፈልግም» ቢላችሁ አትስሙት።

በባሌስትራ ላይ ብየዳ በጭራሽ አታስነኩ። እሳቱ የብረቱን ጥንካሬ ይገድለዋል፣ በዚያው ቦታ ይሰበራል። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር አቅፈው የሚይዙት ቡሎኖች ከተፈቱ በአዲስ ይቀየሩ። ከመጀመሪያው ጭነት በኋላም ተመልሳችሁ አስጠብቋቸው።

መኪናው ወደ ግራ አዘነበለ ተብሎ ግራውን ብቻ ማስጨመርም አለ። መጀመሪያ የተሰበረ ካለ ፈልጉ። የሚጨመር ከሆነም ሁለቱም ጎን እኩል ይሁን።

«ቀጥ ካለ ሚዛን ላይ አይያዝም» የሚሉም አጋጥመውኛል። ሚዛን የሚመዝነው አክስሉ ላይ ያረፈውን ነው፣ ቁመናውን አያይም። መንገዱም እንዲሁ። በመንገድ መሐንዲሶች ስሌት የአክስል ጭነት 20 በመቶ ሲጨምር በአስፋልቱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት እጥፍ ይሆናል።

የመጨረሻው ስህተት፣ ባሌስትራ ከተጨመረ ብሎ ስፖንዳ (የጭነት ሳጥኑን ጎን) ወደ ላይ ማስቀጠል ነው። ጭነቱ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር መኪናው ኩርባ ላይ ለመገልበጥ ይቀርባል። አሸዋ የምትጭኑ ደግሞ ዝናቡን አትርሱ። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ አሸዋ 1,600 ኪሎ ያህል ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ወደ 1,900 ይደርሳል። 3 ሜትር ኩብ ላይ 9 ኩንታል ትርፍ ማለት ነው፣ ያውም አንድ አካፋ ሳይጨመር። በክረምት ስፖንዳው እስኪሞላ አትጠብቁ።