ማብሪያ ማጥፊያችሁ በትክክል መገጠሙን እንዴት ታረጋግጣላችሁ?

ሲጫኑት ከበራና ከጠፋ ማብሪያው ደህና ነው ብለን እናልፋለን። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ተከራይቼ በነበርኩበት ቤት የኮሪደሩ አምፖል ተቃጠለ። ማብሪያውን አጠፋሁ፣ ወንበር ላይ ወጣሁ፣ አምፖሉን ፈትቼ ሳወጣ ጣቴ የመያዣውን ውስጥ ነካና ያዘኝ። ከወንበሩ ወደቅሁ፤ እጄ ለቀናት አብጦ ከረመ። ለካ ማብሪያው የሚቆርጠው ፌዙን (ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ) ሳይሆን ኒውትራሉን (መመለሻውን ሽቦ) ነበር። መብራቱ ይጠፋል፣ 220 ቮልቱ ግን አምፖሉ ጋ እንዳለ ነው።

የሚያንገበግበኝ፣ ከዚያ በፊት ማብሪያውን በቴስተር ፈትሼው ነበር።

የሚያስፈልጋችሁ ቴስተር ካቻቪቴ ብቻ ነው፤ ጫፉ ፌዝ ሲነካ እጀታው ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት የምትበራው። እጀታው የተሰነጠቀ ከሆነ ጣሉት። መጀመሪያ በሚሠራ ሶኬት ላይ ሞክሩት፤ የማይሠራ ቴስተር ከነጭራሹ ካለመኖሩ ይብሳል። እጃችሁ ደረቅ ይሁን፣ ጫማ አድርጉ።

ብሬከሩን አጥፉና የማብሪያውን ክዳን ፍቱ። ሽቦዎቹ በብሎኑ በደንብ መጥበቃቸውን እዩ፤ ብሎኑ የያዘው መዳቡን እንጂ ፕላስቲኩን መሆን የለበትም። በሽቦው ቀለም ግን አትተማመኑ፣ በተለይ አሮጌ ቤት ውስጥ። ብሎን ከማጥበቃችሁ በፊት ኃይል አለመኖሩን በቴስተሩ ነካ አድርጋችሁ እዩ።

አሁን ብሬከሩን መልሱና መብራቱን አብሩ። ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። መብራቱ በርቶ ሳለ የቴስተሩን ጫፍ ብቻ ሽቦ የታሰረባቸው ሁለቱ ብሎኖች ላይ በየተራ አሳርፉ። በሁለቱም ላይ ከበራ ማብሪያው ፌዝ ላይ ነው፣ ትክክል ነው። አምፖሉ ቦግ ብሎ እያለ ቴስተሩ በሁለቱም ላይ ካልበራ ግን የተገጠመው ኒውትራል ላይ ነው። መብራቱን አጥፍታችሁ ብትፈትሹ ይሸውዳችኋል። ፌዙ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ወደ ማብሪያው ስለሚመጣ፣ በስህተት ቢገጠምም አንዱ ብሎን ላይ ቴስተሩ ይበራል። እኔም አጥፍቼ ነበር የፈተሽኩት። ሲበራ አየሁ፣ «ፌዙ እዚህ ነው» ብዬ ክዳኑን መለስኩ።

የቱ ክፍል ጋ እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ፣ ጠፍቶም ሌሊት ድንግዝግዝ የሚል ኤልኢዲ አምፖል ያለበት ጋ ጀምሩ። ማብሪያው የራሱ ትንሽ ጠቋሚ መብራት ካለው ግን ድንግዝግዙ ከሱ ሊሆን ይችላል።

አንድ ክፍል ብቻ ከሆነ የተሳሳተው፣ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ የዚያን መስመር ማገናኛ ሳጥን አስከፍቱ። ሁሉም ክፍል ከሆነ ግን ጉዳዩ ማብሪያዎቹ ላይሆኑ ይችላሉ፤ ቆጣሪው ወይም ምሰሶው ጋ ፌዝና ኒውትራል ተቀያይረው ታስረው ሊሆን ይችላል። የቆጣሪውን ማሸጊያ አትንኩ፣ መብራት ኃይል ጥሩ። እስኪመጡ ብሬከር አጥፍቻለሁ ብላችሁ ሽቦ እንዳትይዙ፤ አንድ ሽቦ ብቻ የሚቆርጥ ብሬከር ከሆነ እሱም የሚቆርጠው ኒውትራሉን ነው።