የተበተነ ቀልብን እንዴት መሰብሰብ ይቻላል?

አንድ ገጽ አንብባችሁ ስትጨርሱ ምን እንዳነበባችሁ ጠፍቶባችሁ ያውቃል? ዓይን መስመሩን ተከትሏል፣ ጣትም ገጹን ገልጧል። ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። እኔ አንዷን አንቀጽ አራት ጊዜ ያነበብኩበት ማታ አለ። በአራተኛው መጽሐፉን ዘጋሁና ስልኬን አነሳሁ። ጥፋተኛው ስልኩ መስሎኝ ወስጄ ሌላ ክፍል አስቀመጥኩት። ተመልሼ ስቀመጥ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ጫጫታ ያው ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ቀልብ መሰብሰብ ማለት ሐሳብን ማጥፋት አይደለም። አእምሮ በተፈጥሮው ይባዝናል። እ.ኤ.አ. በ2010 ማቲው ኪሊንግስዎርዝና ዳንኤል ጊልበርት የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ2,000 በላይ ሰዎችን ቀን ላይ ድንገት በስልክ እየጠየቁ፣ የሚሠሩትና የሚያስቡት አንድ መሆን አለመሆኑን አይተው ነበር። ከተጠየቁበት ጊዜ 47 በመቶ ገደማው ላይ የሰዎቹ ሐሳብ ከያዙት ሥራ ውጭ ነበር። ስለዚህ ሐሳባችሁ ስለሄደ ችግር አለብኝ አትበሉ። የምንችለው የሚያባዝነንን መቀነስና መመለስን መልመድ ነው።

1. ያልተቋጨውን ነገር ወረቀት ላይ አራግፉት

ለእኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ይሄ ነው። አብዛኛው የውስጥ ጫጫታ "እንዳትረሳኝ" የሚል ነገር ነው። ያልተመለሰ መልእክት፣ ያልተከፈለ ሒሳብ፣ ያልተደወለለት ሰው። ቦታ እስክንሰጠው ድረስ እየተመላለሰ ያንኳኳል።

ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ለ5 ደቂቃ ብቻ በሚቀጥሉት ቀናት የምትሠሩትን ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የቤይለር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ወደፊት የሚሠሩትን የጻፉ ወጣቶች ሠርተው የጨረሱትን ከጻፉት በ9 ደቂቃ ገደማ ቀድመው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዘርዘር አድርገው የጻፉት ደግሞ ይበልጥ ፈጥነው ተኝተዋል።

ዘርዘር የሚለው ላይ አደራ። እኔ አንድ ሰሞን "የእማዬ ነገር" ብዬ ጽፌ እተኛ ነበር። ምንም አልረዳኝም። ወረቀቱ ላይ ያለው ያው ጭንቀቱ ነዋ! "ነገ 3 ሰዓት ላይ ለእማዬ ደውዬ ሐኪሙ ያላትን መጠየቅ" ብዬ የጻፍኩ ማታ ግን ትከሻዬ ሲላላ ተሰማኝ። ጭንቀቱ ሰዓትና ሥራ አገኘ።

ምንም ልታደርጉት የማትችሉት ነገርም ይመጣል። "እንዲያ ባልናገር ኖሮ" የሚል ዓይነት። እሱንም ጻፉት፤ ከጎኑ ደግሞ "አሁን የማደርገው የለም" በሉ። መጻፍ አይሰርዘውም፤ ግን ስሙን ይዞ ይቀመጣል።

2. ስልኩን ከእጅ አርቁ፣ ሥራውንም በምልክት አቁሙ

ከሰው ጥሪ በቀር ሌላውን ኖቲፊኬሽን አጥፉ። ስልኩን ተነስታችሁ ካልሆነ የማትደርሱበት ቦታ አስቀምጡት። በዚህ ላይ ብዙ የሚባል የለም።

የምንዘነጋው ሌላ ነገር አለ። አንዱን ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላው ስንዘል፣ የቀልባችን ግማሽ እዚያው ይቀራል። መነሳት ግድ ሲሆንባችሁ አንድ መስመር ጻፉ፦ የት እንደደረሳችሁና ስትመለሱ ከምን እንደምትጀምሩ። 10 ሰከንድ ቢፈጅ ነው።

3. አስወጣጡን አርዝማችሁ ተንፍሱ

በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠራችሁ አስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠራችሁ በቀስታ አስወጡ። ልብ አየር ስናስገባ ትንሽ ይፈጥናል፣ ስናስወጣ ደግሞ ይዘገያል። አስወጣጡ ሲረዝም ሰውነት የሚረጋውም ለዚህ ነው። 5 ደቂቃ ይበቃል። ካዞራችሁ ቆጠራውን ትታችሁ እንደወትሯችሁ ተንፍሱ። ዓይን መጨፈን የሚያስጨንቃችሁ ከሆነም አትጨፍኑ፤ ወለሉ ላይ አንድ ነጥብ እያያችሁ መተንፈስ ይቻላል።

4. መመለስን ተለማመዱ

በየቀኑ ከምትሠሩት አንድ ተራ ሥራ ምረጡ። የእኔ ዕቃ ማጠብ ነው።

ብርጭቆውን አነሳለሁ። ውሃው ለብ ያለ ነው። አረፋው በአውራ ጣቴ ሥር ይንሸራተታል። ጠርዙን ስዞርበት ሲጢጥ ይላል። ከዚያ ሳላውቀው ጭልጥ እላለሁ። ጠዋት ሥራ ቦታ የተባልኩትን እያነሳሁ፣ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ እያሰላሁ። ስነቃ ሁለት ሰሃን ታጥቦ አልቋል። በልቤ "ሄደ" እላለሁ፤ ሌላ ምንም አልልም። ወደ ውሃው ሙቀት እመለሳለሁ።

ልምምዱ እንግዲህ ይህቺ ቅጽበት ናት፤ መሄዳችሁን ያወቃችሁባት። አንድ ሰው በ10 ደቂቃ ውስጥ ሃያ ጊዜ ሄዶ ሃያ ጊዜ ከተመለሰ ሃያ ጊዜ ሠርቷል ማለት ነው። እባካችሁ ራሳችሁን አትቆጡ። ቁጣውም ራሱ ሌላ ሐሳብ ሆኖ ይዟችሁ ይሄዳል።

ሐሳቡን በጉልበት ለማባረርም አትሞክሩ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ሙከራ ሰዎችን ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዟቸው። ድቡ ግን ደጋግሞ መጣባቸው። ክልከላው ሲነሳላቸው ደግሞ፣ ከመጀመሪያው አስቡ ከተባሉት ሰዎች ይበልጥ ስለ ድቡ አሰቡ።

5. ጸጥታ እስኪመጣ አትጠብቁ

ልጅ ያለቅሳል፣ ጎረቤት በር ይዘጋል፣ መኪና ጡሩምባ ይነፋል። ቤቱ ጭር ሲል እጀምራለሁ ካላችሁ አትጀምሩም። ድምፁ ሲመጣ "ድምፅ" ብላችሁ ወደያዛችሁት ተመለሱ። የምትጨርሱት ነገር ካለ ደግሞ አብረዋችሁ ለሚኖሩት ንገሯቸው፦ "ለ20 ደቂቃ አታስነሱኝ፣ ከዚያ የእናንተ ነኝ።" ሰዓቱ ሲደርስ በቃላችሁ ተገኙ፤ አለዚያ በሁለተኛው ቀን የሚሰማችሁ የለም።

ልምምዱን በ2 ደቂቃ ጀምሩ። ሳምንት ሲሞላ ወደ 5 አሳድጉት። እንቅልፍ ለሳምንታት ከጠፋባችሁ፣ ሥራ መሥራት ካቃታችሁ፣ ወይም ሐሳቡ ራሳችሁን ወደ መጉዳት ከሄደ ግን ብቻችሁን አትታገሉት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ንገሩ፣ ሐኪም ዘንድም ሂዱ።